ውርጭ ሊገባ 10 ሳምንት ሲቀረው የተጀመረ ጓሮ

ጉዳዩ የጎረቤቶቼ ነው። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ሰውየውን ጋሼ ነው የምላቸው፣ እዚህም በዚያው እቀጥላለሁ። አዲስ የገቡበት ቤት ጓሮ አለው። 40 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ዳር እስከ ዳር ሳር የለበሰ፣ በአንድ በኩል ከፍ ያለ የግንብ አጥር ያለው። ቤቱ ውስጥ የገቡት ግን ሰው ሁሉ ቲማቲሙን መልቀም በጀመረበት ሰዓት ነው። ውርጭ ብዙ ጊዜ ከሚጀምርበት ቀን ወደ ኋላ ስንቆጥር የቀራቸው 10 ሳምንት ገደማ ብቻ ነበር።

የሚመክራቸው አልጠፋም። ግማሹ «ዘንድሮስ አለፈ፣ ለከርሞ ተዘጋጁ» አላቸው። ሌላው «ዘር መሬት ከነካ ይበቅላል፣ ዝም ብላችሁ ዝሩ» አላቸው። ለእኔ ሁለቱም አይዋጡልኝም። የመጀመሪያው የስንፍና ምክር ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ዘርና ጉልበት ያስበላል። በ10 ሳምንት ብዙ ነገር ይደርሳል። የተመኙት ሁሉ ግን አይደርስም። እንዲህ ያለ ጓሮ ሲጀመር ትልቁ ሥራ አካፋ ከመያዝ በፊት ነው፤ ቁጭ ብሎ ከዝርዝሩ ላይ መሰረዝ። ከዝርዝሩ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ያልዘገየባቸው ነገሮች ነበሩ፣ ወደ እነሱ በኋላ እመጣለሁ።

የጋሼ ዝርዝር ይሄ ነው፦ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሐብሐብ፣ ኪያር፣ ፎሶሊያ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ሽንኩርት፣ እንጆሪ፣ አፕል። ባለቤታቸው ሻይ እየቀዱ «ነጭ ሽንኩርትስ?» ብለው ጨመሩ። በጊዜው ማንም ልብ አላለውም እንጂ ከሁሉም የተሻለው ሐሳብ እሱ ነበር።

ወደ ኋላ መቁጠር

የዘር ፓኬት ጀርባ ላይ «በ60 ቀን ይደርሳል»፣ «በ75 ቀን ይደርሳል» የሚል ቁጥር አለ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ ነገር፣ እንደ ቲማቲም፣ ቃሪያና ጥቅል ጎመን ያሉ በችግኝ የሚተከሉት ላይ ቁጥሩ የሚጀምረው ችግኙ መሬት ከተተከለበት ቀን ነው፤ ዘሩ ከተዘራበት ቀን አይደለም። ቲማቲም ለችግኝነት እስኪበቃ ብቻውን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይበላል። ሁለተኛ ነገር፣ ቁጥሩ የተሰላው ቀኑ ረጅም፣ ሙቀቱ ጥሩ በሆነበት ወቅት ነው። ቀን እያጠረ፣ ሌሊት እየቀዘቀዘ ሲሄድ ያው ተክል ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ዘግይቶ የሚዘራ ሰው በፓኬቱ ቁጥር ላይ ሌላ 2 ሳምንት ይጨምራል።

«የቲማቲሙ ፓኬት 75 ቀን ይላል እኮ፣ እኛ 70 አለን። 5 ቀን ምን አላት?» አሉኝ ጋሼ።

«ጋሼ፣ እሱ ከችግኝ ነው የሚቆጠረው። ከዘር ከሆነ ሌላ 6 ሳምንት ይጨምሩበት።»

ፓኬቱን አገላብጠው አዩትና «ታዲያ ለምን አይጽፉትም?» አሉ። እውነታቸውን ነው። አንዳንዱ ላይ ተጽፏል፣ ግን በማይነበብ ደቃቅ ፊደል።

ቲማቲም ከዘር ተሰረዘ። ቃሪያም እንዲሁ፤ እሱ እንዲያውም ከቲማቲም በላይ ይዘገያል፣ ቀዝቃዛ ሌሊትም አይወድም። ሐብሐብ ላይ ብዙም አልተከራከርንም፤ 80 እና 90 ቀን ሙቀት የሚፈልግ ነገር ነው፣ ያውም በደንብ የሞቀ አፈር። ሽንኩርት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ራሱን የሚያስረው፣ ማለትም ያንን ድብልብል ነገር የሚሠራው፣ የቀኑን ርዝመት እያየ ነው። ቀን እያጠረ ባለበት ወቅት የተዘራ ሽንኩርት ቅጠል ይሰጣችኋል እንጂ ራስ አይሠራም። ቅጠሉ ብቻ ይበቃናል ካላችሁ ይሁን።

ፎሶሊያ አፋፍ ላይ ነበረች። ቁጥቋጦ ሆና የምታድገው፣ ድጋፍ የማትፈልገው ዓይነት፣ በ55 ቀን ትደርሳለች። 2 ሳምንት ሲጨመር 69 ቀን። ያለን 70። ውርጭ ከነካት ደግሞ አለቀላት፣ ምሕረት የለም። «እንሞክራት» ተባለ፤ ግን በዚያው ቀን ካልተዘራች ይቅር በሚል ስምምነት። እነዚህን ሰዎች የወደድኳቸው ለዚህ ነው፣ በዚያው ቀን ማታ ዘሯት።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። ውርጭ የሚገድላቸውና ውርጭ የሚችሉት አንድ ዓይነት ቀነ ገደብ የላቸውም። ፎሶሊያ፣ ኪያር፣ ዝኩኒ፣ ቲማቲም የመጀመሪያው ውርጭ የመጣበት ቀን የመጨረሻ ቀናቸው ነው። ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቆስጣ፣ ጎመን ግን ቀላል ውርጭ ምንም አይላቸውም። እነሱን የሚያስቆማቸው ብርሃን ነው። የቀኑ ርዝመት ከ10 ሰዓት በታች ሲወርድ ዕድገታቸው የቆመ ያህል ነው፤ አይሞቱም፣ ባሉበት ይቆያሉ። ካሮትን በፎሶሊያ ስሌት ከቆጠራችሁት የፓኬቱ 70 ሲደመር 14፣ 84 ቀን ይሆንና ትሰርዙታላችሁ። በራሱ ስሌት ግን ይደርሳል፣ ቢያንስ በጣት ውፍረት። እኛም ካሮቱን አስገባነው።

ጥቅል ጎመን ላይ ሐሳባችን አልገጠመም። ፈጣን የሚባለው ዓይነት ከችግኝ በ65 ቀን ገደማ ይጠቀለላል፣ ሲዘገይ ግን አያስተማምንም። ባለቤታቸው ጥቂት ችግኝ ይተከል አሉ። ተተከለ። ኪያርን ተውነው፣ በምትኩ ዝኩኒ ገባ፤ በ50 ቀን ይደርሳል፣ ማፍራት ከጀመረም አያቆምም። ራዲሽ የሚባለው ሥሩ የሚበላ አትክልት በዝርዝሩ ላይ አልነበረም፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት። በ4 ሳምንት ይነቀላል። አዲስ ጓሮ የጀመረ ሰው ቶሎ አንድ ነገር ሲደርስ ማየት አለበት፣ አለበለዚያ ውኃ ማጠጣቱ ይሰለቸዋል።

ሳሩን ምን እናድርገው?

40 ካሬ ሜትር ሳር ነቅሎ፣ ቆፍሮ፣ አለስልሶ ለመዝራት የቀረው ጊዜ አይበቃም፤ በዚህ ዕድሜ ወገብም አይፈቅድም። ቦታውን ለሁለት ከፈልነው። ሲሶው፣ ማለትም 13 ካሬ ሜትር ያህሉ፣ ዘንድሮ የሚዘራበት ሆነ። የቀረው ለከርሞ።

ዘንድሮ የሚዘራበት ላይ ሳሩ ከነሥሩ በአካፋ እየተላጠ ተነሳ። የተላጠው ሳር አልተጣለም፤ ጥግ ላይ ሥሩን ወደ ላይ አድርገን ደረደርነው፣ ለከርሞ ጥሩ አፈር ይወጣዋል። ከሥሩ ያለውን መሬት በመቆፈሪያ ሹካ እየነቀነቅን አላላነው እንጂ አልገለበጥነውም። ከዚያ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል በደንብ የበሰለ ብስባሽ ከላይ ተበተነ።

ጋሼ አንድ ወዳጃቸው ትኩስ ፍግ በነፃ እንደሚሰጣቸው ነገሩኝ። አይሆንም አልኩ። ትኩስ ፍግ ካሮትን መንታና ቆልማማ ያደርገዋል፣ ችግኝን ያቃጥላል፣ ከዚህም የሚብስ የጤና ጉዳይ አለው። የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ የሚበላው ክፍል አፈር የሚነካ ከሆነ፣ ያልበሰለ ፍግ ከገባ በኋላ እስኪሰበሰብ 120 ቀን መቆየት አለበት ይላል። እኛ ጠቅላላ ያለን 70 ቀን ነው። ፍጉ መጣ፣ ግን ጥግ ላይ ተከምሮ እንዲበስል ተተወ።

ለከርሞ የተባለው ላይ ከባድ ሥራ አልነበረም። ካርቶን ተነጠፈ። የሚያብለጨልጨው ቀለማም ካርቶን ሳይሆን ተራው ቡናማው ነው፣ ያውም ፕላስተሩና ሽቦው ተነቅሎ። አንዱ በሌላው ላይ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር መደራረብ አለበት፤ ሳር ቀዳዳ ካገኘ ተሽሎክሉኮ ይወጣል። ካርቶኑን ውኃ አርከፍክፈን አራስነው፣ ላዩ ላይ የረገፈ ቅጠልና ያገኘነውን ብስባሽ ጫንንበት። ሌላውን ሥራ ትሎቹ ይጨርሱታል።

አሁን ወደ ጥላው። የዘገየ ጓሮ ላይ ሰው ከሚረሳቸው ነገሮች ዋናው ይሄ ይመስለኛል። ጋሼ መደቡን የፈለጉት ግንቡ ሥር ነበር፤ ነፋስ ይከልላል፣ ዕይታውም ያምራል። ቤቱን ሲያዩት ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ነበረችና ግንቡ ሥር ብርሃን ሞልቶ ነበር። ግን ግንቡ የቆመው ፀሐይ በምትዞርበት በኩል ነው። ወቅቱ ሲገባደድ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ነው የምትሄደው፣ ጥላውም በየሳምንቱ ይረዝማል። ለማሳየት አንድ እንጨት እኩለ ቀን ላይ የጥላው ጫፍ ላይ ተከልኩና «በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ይዩት» አልኳቸው። ሲያዩት ጥላው እንጨቱን አልፎ ሄዷል። መደቡ ወደ ቤቱ ተጠጋ። በኋላ ውርጭ በገባ ሰሞን ግንቡ ሥር ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚባል አልነበረም፤ እዚያ ቢዘራ ኖሮ አንድም ነገር አይደርስም ነበር።

የተረፉት ችግኞች

በዚህ ወቅት ችግኝ ሻጮች ጋ የሚገኘው ሌላ ሰው መርጦ የተወው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ታችኛው ቅጠል ቢጫ የሆነ። አንዳንዱ እዚያው ትንሿ ጣሳ ውስጥ አብቦ፣ አልፎም ፍሬ ይዞ ታገኙታላችሁ። ጋሼ ከነፍሬው የሆነ የቲማቲም ችግኝ ገዝተው መጡ፤ ጥቃቅን ፍሬ የሚያፈራው ዓይነት ነው። ፊታቸው በርቷል። «ይሄ እኮ አፍርቷል፣ ጊዜ ገዛን ማለት ነው!»

ጣሳውን ገልብጬ አወጣሁት። ሥሩ የጣሳውን ቅርጽ ይዞ፣ ነጭ ክር የተጠቀለለ መስሎ፣ ዙሪያውን ተጠማዟል። አፈር አይታይም ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ችግኝ እንዳለ ከተተከለ ሥሩ እዚያው መዞሩን ይቀጥላል፣ ወደ አዲሱ አፈር አይወጣም። መድኃኒቱ ርኅራኄ የለውም፦ ጎንና ጎኑን በቢላ ከላይ ወደ ታች መሰንጠቅ፣ ከታች የተቋጠረውን በጣት መፈልቀቅ፣ አበባና ፍሬ ካለ ደግሞ መቁረጥ፤ ምክንያቱም ሥሩ የተቆረጠ ተክል ሁለት ሥራ በአንዴ አይችልም። ፍሬውን ለመቁረጥ ጋሼ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ባለቤታቸው ናቸው ቀጨም አድርገው የቆረጡት።

ይሄ ቲማቲም ለጋሼ ደስታ ብለን ያስገባነው ነው፣ አልደብቅም። ከ20 ሊትር በላይ የሚይዝ ትልቅ ባልዲ ታችኛው ወለሉ ተበስቶ እዚያ ውስጥ ተተከለ፤ ግንዱ እስከ ታችኛው ጤነኛ ቅጠል ድረስ ተቀበረ፣ ቲማቲም ከተቀበረ ግንድ ላይ ሥር ያወጣልና። ባልዲው የተቀመጠው ፀሐይ የሚያገኘው የቤቱ ግድግዳ ሥር ነው። ግድግዳው ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይለቃል፤ ውርጭ ሲመጣ ደግሞ ባልዲው ወደ ቤት ይገባል። መሬት ላይ የተተከለ ቲማቲም ይሄ ዕድል የለውም። ውርጭ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው አናቱን ቆረጥነው፣ ከዚያ በኋላ የሚወጣ አበባ ለፍሬ አይደርስም፣ ጉልበቱን ለያዘው ያውለው ብለን።

የጎመን፣ የጥቅል ጎመንና የዝኩኒ ችግኝ ግን ለጋ የሆነውን ነው የፈለግነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እወቁ፦ ትንሽ ነገር ግን ጤነኛ ችግኝ ትልቅ ሆኖ የተጨናነቀውን በ2 ሳምንት ውስጥ ይደርስበታል። ሁሉም የተተከሉት ማታ ነው፣ ፀሐይ ከበረደች በኋላ፣ መጀመሪያ ጉድጓዱ ውኃ ጠጥቶ።

በሙቀት መዝራት

ዘግይቶ የሚዘራ ሰው መጨረሻው ላይ ቅዝቃዜ ያሰጋዋል፣ መጀመሪያው ላይ ግን ጠላቱ ሙቀት ነው። ዘሩ የሚገባው በዓመቱ ደረቅና የጋለ አፈር ውስጥ ነው። ሰላጣው ይሄንን አሳየን። የአፈሩ ሙቀት 27 እና 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲደርስ የሰላጣ ዘር ይተኛል። አልሞተም፣ ግን አይበቅልም። ጋሼ ጠዋት የዘሩት የመጀመሪያው መስመር እዚህም እዚያም አንዳንድ ብቻ ነው ብቅ ያለው። ሁለተኛው የተዘራው ማታ ነው፣ አፈሩ በቀዝቃዛ ውኃ ከራሰ በኋላ፣ ቀን ቀን በእንጨት ላይ የተወጠረ ጨርቅ ጥላ እየሆነለት። የሰላጣ ዘር ለመብቀል ብርሃንም ስለሚረዳው በስሱ ብቻ ነው አፈር የለበሰው። በሳምንቱ መስመሩ አረንጓዴ ክር መሰለ።

ካሮት ደግሞ ትዕግሥት ነው። ለመብቀል ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይፈጅበታል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የላይኛው የአፈር ቅርፊት አንድ ቀን እንኳ ከደረቀ የበቀለችው ነገር ትሞታለች። ሰው «ዘሩ የተበላሸ ነው» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ሲገጥመው ነው። ያደረግነው እንዲህ ነው፦ ትልሟን ከመዝራታችን በፊት ውኃ አጠጣናት፣ ዘሩን 1 ሳንቲ ሜትር ባልሞላ ጥልቀት በተንን፣ ከላይ የራሰ ጆንያ አለበስን። ጆንያው ላይ ጠዋትና ማታ ውኃ ይርከፈከፍበታል። ከሳምንት በኋላ በየቀኑ ጠርዙን ገለጥ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል፤ አንድ ነጭ አንገት እንደታየ ጆንያው በዚያው ሰዓት ይነሳል። አንድ ቀን ከዘገየ ቡቃያው በጆንያው ቀዳዳ ገብቶ አብሮ ይነቀላል። የጆንያውን ሥራ የወሰዱት ባለቤታቸው ናቸው፤ ጋሼን አላመኑዋቸውም።

ቀይ ሥር ቀላል ነበር። ዘሩን ለጥቂት ሰዓት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ መዝራት ብቻ። አንዷ ዘር የምትመስለው በእርግጥ የብዙ ዘር ጥርቅም ስለሆነች ከአንድ ቦታ ሦስት አራት ሆነው ይወጣሉ፣ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ማሳሳት ነው። የሚነቀለው ቅጠል ይበላል።

ተባይ ላይ ብዙ አልቆይም። ዓመቱን ሙሉ ሲዋለዱ የከረሙት ሁሉ ቁጥራቸው የሚበዛው በዚህ ሰዓት ነው፣ ስለዚህ ጎመን የሚተከልበት ቀንና አጎበር የሚለብስበት ቀን አንድ መሆን አለበት። ነጯ ቢራቢሮ ቅጠሉ ሥር እንቁላል ከጣለች በኋላ አጎበር ማልበስ አባጨጓሬውን ከነቀለቡ ዘግቶ ማስቀመጥ ነው። ዝኩኒው መጨረሻ አካባቢ ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ያዘው። የተለመደ ነው፣ ክፉኛ የተጠቃውን ቅጠል ቆርጠን ቀጠልን።

ፍራፍሬው ግን አልዘገየም

ጋሼ አፕሉን «እሱማ ለከርሞ ነው» ብለው ራሳቸው ሊሰርዙት ነበር። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። ቅጠሉን የሚያራግፍ የፍራፍሬ ዛፍ ለመትከል ምርጡ ጊዜ ተኝቶ ሳለ ነው፣ ማለትም ቅጠሉ ረግፎ ገና ሳያቆጠቁጥ። አፈሩ ደግሞ ከአየሩ ዘግይቶ ስለሚቀዘቅዝ ላይኛው ክፍል ተኝቶ ሥሩ ለጥቂት ጊዜ ይሠራል። አንድ ሰው ቲማቲም አመለጠኝ ብሎ በሚቆጭበት ሰዓት ለአፕል ገና ቀድሟል።

ስለዚህ የጎመኑ ሥራ ሲጋመስ ወደ አፕሉ ሄድን። ሁለት ዛፍ ያስፈልጋል፣ ዓይነታቸውም የተለያየ፤ አብዛኛው የአፕል ዓይነት ከሌላ ዓይነት የአበባ ዱቄት ካላገኘ በደንብ አያፈራም፣ ሁለቱም በአንድ ሰሞን ማበብ አለባቸው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ኤም 9 በሚባለው አሳጣሪ ግንድ ላይ የተዳቀለ ተመረጠ፤ ማለትም ከላይ የሚያፈራው ዓይነት ሥሩን ከሚሰጠው ከሌላ ግንድ ጋር የተጣበቀ። ይሄ ግንድ ዛፉን ያሳጥረዋል፣ በ2 ወይም በ3 ዓመት ውስጥም ማፍራት ያስጀምረዋል፤ በረጅሙ ግንድ ላይ ያለው ከዚህ እጅግ ይዘገያል። ዋጋውም አለው፦ ሥሩ ደካማ ስለሆነ ዕድሜ ልኩን ድጋፍ እንጨት ይፈልጋል።

ችግኙ አፈር የሌለው፣ ሥሩ ራቁቱን የሆነ ነው። ለጥቂት ሰዓት ባልዲ ውኃ ውስጥ ተነከረና ተተከለ። ጋሼ ሲተክሉ ጠለቅ ማድረግ ፈለጉ፣ «እንዳይወድቅ» ብለው። ግንዱ ላይ የተዳቀለበት ቋጠሮ ይታያል፣ እሱ ከአፈር በላይ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር መውጣት አለበት። ከተቀበረ ከላይ ያለው ክፍል የራሱን ሥር ያወጣና የማሳጠሩ ነገር ይቀራል፤ ጠባብ ጓሮ ውስጥ ትልቅ ዛፍ ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ። ጉድጓዱ ውስጥ ማዳበሪያ አልገባም። ጉዝጓዙ ዙሪያውን ተነጠፈ፣ ግንዱን ሳይነካ፤ ግንድ ላይ የተከመረ ጉዝጓዝ ቅርፊቱን ያበሰብሳል፣ አይጥም ይጋብዛል።

እንጆሪውም እንዲሁ። ብዙው ዓይነት ለሚቀጥለው ዓመት የሚያብበውን እምቡጥ የሚቋጥረው ቀን ሲያጥር ነው፣ ስለዚህ ከዚያ በፊት ሥር እንዲይዝ ማድረግ ትርፍ አለው። ችግኙ መሐል ላይ ቅጠል የሚወጣበት እምብርት አለ፤ እሱ ከአፈሩ ጋር እኩል መሆን አለበት። ከጠለቀ ይበሰብሳል፣ ከፍ ካለ ይደርቃል። የሚያወጣው ሐረግ ሁሉ ለጊዜው ተቆረጠ።

ውርጩ ሲመጣ

ከተጠበቀው በሳምንት ቀድሞ መጣ። ትንበያው ማታ ላይ ነው የነገረን። ፎሶሊያዋ ማፍራት ከጀመረች ጥቂት ቀን ነበር። ጋሼ ላስቲክ ሊያለብሱ ሲሉ ደረስኩ፤ ላስቲክ ቅጠሉን ከነካ የነካበት ቦታ አብሮ ይቀዘቅዛል። አሮጌ አንሶላ አወጣን፣ ቀጭን የአትክልት መሸፈኛ ጨርቅም ነበረ። ቁም ነገሩ ጨርቁ እስከ መሬት ወርዶ ጠርዙ በድንጋይ መያዙ ነው፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከአፈሩ ስለሆነ ከላይ ብቻ እንደ ባርኔጣ የተደፋ ጨርቅ አይጠቅምም። አፈሩም ቀን ላይ ውኃ ጠጥቶ ነበር፣ እርጥብ አፈር ከደረቅ የበለጠ ሙቀት ይይዛል። ፎሶሊያዋ ያን ሌሊት ተረፈች፣ ሌላ 10 ቀን ያህልም ተለቀመች። በሚቀጥለው ውርጭ ጨርቁም አላዳናት። ዝኩኒው በዚያው ሌሊት ሄደ፣ እሱ ግን ከበቂ በላይ ሰጥቶ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ሰልችቶት ነበር ማለት ይቻላል።

ባልዲው ወደ ቤት ገባ። የቀላውን ከበሉ በኋላ አረንጓዴው ተለቀመ፤ ከደማቅ አረንጓዴ ወደ ነጣ ያለው የተሸጋገረው ብቻ ቤት ውስጥ ይበስላል። ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያለው ክፍል ውስጥ፣ ከበሰለ ሙዝ ጋር ወረቀት ከረጢት ውስጥ፤ ሙዙ የሚለቀው ኤቲሊን ጋዝ ያፋጥነዋል። ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት። ጣዕሙ ፀሐይ ላይ እንደበሰለው ነው ብዬ አልዋሽም።

ጥቅል ጎመኑ አልተጠቀለለም። ከውጭ ሰፋፊ ቅጠል፣ ከመሐል ልል ያለ ቡጢ የሚያህል ነገር። ቅጠሉ እንደ ጎመን ተበላ፤ ባለቤታቸው «እና ምን ጎደለ?» ነው ያሉት። እኔ ግን ደግሜ በ10 ሳምንት አልመክረውም፣ ያን ያህል ቦታ ቆስጣ ቢይዘው ኖሮ እጥፍ ይሰጥ ነበር። ቆስጣውና ጎመኑ የዚህ ጓሮ ቀለብ ሆኑ፤ የውጩን ቅጠል እየቀጠፉ መሐሉን ከተዉለት መልሶ ይሰጣል። ጎመኑ ከውርጩ በኋላ ጭራሽ ጣፈጠ፤ ተክሉ እንዳይቀዘቅዝ ስታርቹን ወደ ስኳር ስለሚቀይር ነው። ካሮቱም እንደዚያው። እንደጠበቅነው በጣት ውፍረት ነው የቀረው። ከላዩ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ደረቅ ሳርና ቅጠል ተከመረበትና እዚያው መሬት ውስጥ ተተወ፣ ሲፈለግ እየተቆፈረ ይወጣል።

ነጭ ሽንኩርቱ የገባው ፎሶሊያዋ በለቀቀችው ቦታ ነው። ፎሶሊያዋ አልተነቀለችም፣ አፈሩ ጠርዝ ላይ ተቆረጠች፣ ሥሯ እዚያው እንዲበሰብስ። ነጭ ሽንኩርት ጥርስ ጥርስ ሆኖ እንዲከፋፈል ብርድ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ እሱም እንደ አፕሉ በሰዓቱ የተተከለ ነው። ትልልቁ ጥርስ ተመርጦ፣ ሹሉ ወደ ላይ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት። ትናንሾቹ ወደ ወጥ ቤት ሄዱ።

የተረፈውን ዘር ጋሼ በጠርሙስ ከድነው ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀምጠዋል። የቲማቲሙ ዘር 4 ዓመት ቢቆይም ይበቅላል፣ የፎሶሊያውና የካሮቱ ለ3 ዓመት ገደማ። የሽንኩርቱ ግን ከዓመት በላይ አያስተማምንም፣ ፓኬቱ ደግሞ አልተከፈተም። ወይ ለከርሞ በሰዓቱ ይዘሩት፣ ወይ አሁኑኑ ለሚዘራ ሰው ይስጡት ብያቸዋለሁ።